ለጋናሽ የሚሆን ቸኮሌት ደሴም ይገኛል

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

በቤተሰብ ዓምዳችሁ ስለ በዓል ኬክ አዘገጃጀት የወጣውን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ስለ እንቁላሉ አመታት፣ ስለ ዱቄቱ አነፋፍና ስለ ምድጃው ሙቀት የተሰጠው ምክር በሥራ የተፈተነ መሆኑ ያስታውቃል፤ ጸሐፊዋን አመሰግናለሁ። ጋናሹ ላይ፣ ማለትም ኬኩ የሚቀባበት የቸኮሌትና የክሬም ድብልቅ ላይ፣ ሲደርሱ ግን ካካዎው 70 በመቶ የሆነ የአውሮፓ ቸኮሌት ካልተገኘ ነገሩን ጨርሶ መተው እንደሚሻል ጽፈዋል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚያች አንዲት አንቀጽ ምክንያት ነው።

እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ በቤቴ ኬክ እየጋገርኩ በትእዛዝ የምሸጥ ሴት ነኝ። የልደት፣ የምርቃት፣ የክርስትና፣ የኒካህ፣ የዒድና የገና ኬክ እሠራለሁ። ደንበኞቼ አስተማሪዎች፣ ነርሶች፣ የሱቅ ሠራተኞች፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶች፣ እንዲሁም ልጃቸውን በዓመት አንድ ቀን ደስ ለማሰኘት ከወር አስቤዛ ላይ ቀንሰው የሚያስቀምጡ እናቶች ናቸው። ብዙዎቹ አሠራሩን ጠይቀውኝ ቤታቸው ይሞክሩታል፤ እኔም ሳልሰስት አሳያለሁ። ለእነዚህ ሰዎች ውድ ካልሆነ አይሆንም ማለት በር መዝጋት ነው። ደግሞም ምክሩ ትክክል አይደለም። ለቤት ጋናሽ የሚስማማው ቸኮሌት የሚገኘው መካከለኛ ዋጋ ካላቸው ውስጥ ነው። ምን እንደሚፈልግ ለሚያውቅ ሰው ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም።

ጋናሽ በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፤ ቸኮሌትና ክሬም። ትኩስ ክሬም ደቆ በተከተፈ ቸኮሌት ላይ ይፈስሳል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ይማሰላል፤ አለቀ። ዱቄትም እንቁላልም ስለሌለው የቸኮሌቱ ጉድለት የሚሸሸግበት ቦታ የለም። እዚህ ላይ ከጸሐፊዋ ጋር እስማማለሁ። የማልስማማው የቸኮሌትን ጥራት ከመጣበት አገር ስምና ከዋጋው ጋር ማያያዛቸው ላይ ነው። ለጋናሽ ቸኮሌት ሲገዛ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ቅባቱ ምን እንደሆነ ነው፤ የካካዎ ቅቤ ነው ወይስ የፓልም ዘይት?

የካካዎ ፍሬ ከገለባው ተለይቶ ሲፈጭ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። በ1828 እ.ኤ.አ. ቫን ሃውተን የተባሉት ሆላንዳውያን ቅባቱን በመጭመቂያ የመለየት ዘዴ በስማቸው ካስመዘገቡ ወዲህ ካካዎ ሁለት ሆኖ ይሸጣል፤ ዱቄቱ ለብቻ፣ ቅቤው ለብቻ። ቅቤው ውድ ነው፤ የፊትና የገላ ቅባት የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ይሻሙበታል። ወጪ መቀነስ የፈለገ አምራች እንግዲህ ዱቄቱን ይዞ ቅቤውን በፓልም ፍሬ ዘይት ወይም በሌላ የረጋ የአትክልት ቅባት ይተካዋል። እኛ ኬክ ሠሪዎች ኮምፓውንድ የምንለው ይህን ነው። ለዓይን ቸኮሌት ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ሽታውም ያው ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው አፍ ውስጥ ነው። የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ የአፋችን ሙቀት ከዚያ ትንሽ ከፍ ስለሚል ምላስ ላይ እንደተቀመጠ ይፈታና ጣዕሙን ሰጥቶ ይሄዳል። ብዙው ኮምፓውንድ ግን ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል፤ ጋናሹም ያንኑ ጠባይ ይወርሳል። ልጆች ኬኩን በልተው ላዩን ሳህናቸው ጠርዝ ላይ ሲተዉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አንድን ጥቁር ቸኮሌት ቸኮሌት ለማለት ቢያንስ 35 በመቶ የካካዎ ይዘት እንዲኖረው፣ ከዚህም ውስጥ የካካዎ ቅቤው ከጠቅላላው ክብደት ከ18 በመቶ እንዳያንስ ይጠይቃል። ኩቨርቸር የሚባለው፣ ባለሙያዎች ለመሸፈኛ የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ 31 በመቶና ከዚያ በላይ የካካዎ ቅቤ አለው። ሲቀልጥ እንደ ውሃ ስለሚፈስስ ለመንከሪያ ድንቅ ነው። ለጋናሽ ግን ያን ያህል መፍሰሱ አያስፈልገንም፤ ፈሳሽ ከክሬሙ እናገኛለን። ስለዚህ የኩቨርቸርን ዋጋ ለጋናሽ መክፈል ትርፉ ትንሽ ነው። እኔ ኩቨርቸር ስገዛ ለመንከሪያ ሥራ ብቻ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሱቅ ውስጥ የተለጠፈው ብር ስለ ቸኮሌቱ ጥራት የሚነግረን ጥቂት ነው። በአይቮሪ ኮስትና በጋና በአየር ጠባይና በዛፍ በሽታ ምርት በመቀነሱ በ2024 እ.ኤ.አ. አንድ ቶን ካካዎ በዓለም ገበያ ከ10,000 ዶላር አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሆነ። ሁለቱ ተደራርበው መጡብን። የካካዎ ዋጋ እንዲህ ሲንር ደግሞ አምራቾች የካካዎውን ድርሻ ቀንሰው የአትክልት ቅባት ለመጨመር ይገፋፋሉ። ስለዚህ ለዓመታት የገዛችሁት ቸኮሌት ቢሆንም ጀርባውን እንደገና አንብቡት። እኔ እያንዳንዱን አዲስ ካርቶን እንደ አዲስ ዕቃ ነው የማየው።

ጀርባው ላይ ምን ይነበባል? የገባው ነገር ሁሉ ከብዙው ወደ ጥቂቱ በቅደም ተከተል ይጻፋል። የካካዎ ጥፍጥፍ፣ ማለትም ቅቤው ሳይለይ የተፈጨው ካካዎ፣ እና የካካዎ ቅቤ ካለበት፣ የአትክልት ቅባት የሚል ከሌለበት፣ ለጋናሽ ይሆናል። የካካዎ ዱቄትና የፓልም ዘይት የሚል ከሆነ ኮምፓውንድ ነው። ስኳር መጀመሪያ ላይ መጻፉ ብቻውን አያስደንግጣችሁ፤ ጥፍጥፉና ቅቤው ተለያይተው ስለሚጻፉ በደህና ቸኮሌትም ላይ ስኳር ሊቀድም ይችላል።

ችግሩ ቋንቋው ነው። እኔ ከምገዛባቸው ሱቆች የማገኘው አብዛኛው የቱርክ ወይም የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበት ነው። ቱርክኛው ላይ ካካኦ ያግ የሚለው የካካዎ ቅቤ ሲሆን ቢትኪሰል ያግ የሚለው የአትክልት ቅባት ነው፤ ኮኮሊን የሚል ካያችሁ ደግሞ ኮምፓውንድ መሆኑን በግልጽ እየነገራችሁ ነው። ለዓረብኛው ወሎ ውስጥ አንባቢ አይጠፋም። ቁርዓን ሲያስቀሩ የኖሩ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። አዲስ ዓይነት ቸኮሌት ሲገጥመኝ አንዷን ብቻ ገዝቼ ወደ እሳቸው እወስዳለሁ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው፣ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እየጎተቱ ያነቡልኛል። ባለፈው ጊዜ ጣታቸው ዙዩት ነባቲያ የሚለው ላይ ቆመና «ልጄ፣ ይኸ የዕፅዋት ዘይት ነው የሚለው፤ ዙብደት የሚባል ነገር አልጻፉበትም» አሉኝ። ዙብደት የተባለው ቅቤው ነው። ካርቶኑን ሳልገዛ ቀረሁ። ሰውየው ቸኮሌት አይወዱም፤ ለእኔ ሲሉ ግን ከአላህ ወዲህ ያለውን ፊደል ሁሉ እንደሚያነቡልኝ ነግረውኛል።

እሳቸው ያስተማሩኝ ሌላም ነገር አለ። በእኛ ከተማ አንድ ኬክ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት ይገባል፤ በዒድ ጎረቤት ለጎረቤት ይላላካል፣ በገናም እንዲሁ። ስለዚህ ከቅባቱ ቀጥሎ የማየው ማዋሃጃውን፣ ቅባቱን ከሌላው ጋር አያይዞ የሚይዘውን፣ ነው። ኢ322 የሚባለው ሌሲቲን አብዛኛውን ጊዜ ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ ስለሚገኝ አያሳስብም። ኢ471 ግን ከዕፅዋትም ከእንስሳም ቅባት ሊሠራ ይችላል፤ የሐላል ምልክት ወይም ከዕፅዋት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ከሌለው ለሙስሊም ደንበኛ አልጠቀምበትም። አልኮል ያለበት ሙሌት የያዙ ቸኮሌቶችም አሉና በስጦታ የመጣ ቸኮሌት አቅልጦ ኬክ ላይ ማፍሰስ ሲታሰብ ይህ ይጣራ።

አሁን ወደ በመቶኛው ልምጣ። ጥቁር ቸኮሌት ላይ 54 ወይም 60 ወይም 70 ተብሎ የሚጻፈው የካካዎ ጥፍጥፍና የካካዎ ቅቤ ድምር ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ስኳር ነው። 70 በመቶ ማለት 30 በመቶ ስኳር፣ 54 በመቶ ማለት 45 በመቶ የሚሆን ስኳር ማለት ነው። የካካዎው ድርሻ ሲጨምር ዋጋው ይጨምራል። ጋናሹ ግን በዚያው ልክ አይሻልም። 70 በመቶው ቅባት የበዛበት ስለሆነ ከክሬሙ ቅባት ጋር ሲደመር ጋናሹ በቀላሉ ይበጠሳል፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሥሩ ሻካራ ይሆናል። መራራነቱም ቢሆን ከአብዛኛው እንግዳችን ምላስ ጋር አይስማማም፤ የሚጋግር ሁሉ መልሶ ስኳር ይጨምርበታል። ስኳር ለመጨመር ከሆነ ለምን ለ70 በመቶ ይከፈላል? ከ50 እስከ 60 በመቶ ያለው ለቤት ጋናሽ ልከኛ ነው። የቤልጅየሞቹ የካልቦ ዝነኛ ጥቁር ቸኮሌት፣ 811 የሚባለው፣ በብዙ አገር የኬክ ቤቶች የሥራ ቸኮሌት የሆነው 54.5 በመቶ ይዞ ነው። ከ45 በመቶ በታች የሆነውን ግን አልመክርም፤ ስኳሩ በዝቶ ጋናሹ ይለሰልሳል፣ ጥማት ያመጣል።

የወተት ቸኮሌት፣ በተለይ ልጆች የሚገዙት ሙሌት፣ ብስኩት ወይም ካራሜል ያለበት፣ ለጋናሽ አይሆንም። ለምግብነት ይብሉት። ትንንሽ ጠብታ ሆኖ ለብስኩት የሚሸጠው ደግሞ በምድጃ ውስጥ ቅርጹን እንዲይዝ የካካዎ ቅቤው ስለሚቀነስ ጋናሹን ያወፍረዋል፤ ክሬም ጨመር ከተደረገለት ግን ይሠራል።

ቸኮሌት በድምፁ ይፈተናል፤ ሲሰበር ቀጭ ካለ ጥሩ ነው የሚባል ምክር አለ። ደሴ ላይ ይህን አትመኑ። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ቤት ውስጥ ሁሉ የሚገባባት ናት። በዚህ ቅዝቃዜ ኮምፓውንዱም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የእኔ መፈተኛ መዳፍ ነው። የጥፍር ያህል ቁራጭ ጨብጡና ትንሽ ጠብቁ። የካካዎ ቅቤ ያለው ጠርዙ ቶሎ ይለሰልሳል፣ ጣት ላይ ይቀባል፣ ሽታውም ይከፈታል። ኮምፓውንዱ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ይለሰልሳል፤ ሲቀባም ጣት ላይ የቅባት ሽፋን ይተዋል። ቀጥሎ ምላስ ላይ አድርጉት፤ አታኝኩት። ከሄደ በኋላ ላንቃችሁን በምላሳችሁ ዳስሱት። ንጹሕ ከሆነ ግዙት።

በአነስተኛ ዋጋ ጥሩ ቸኮሌት ማግኘት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር የለበሰውን ቸኮሌት ይይ። ይህን በደንብ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይሸሸዋል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጭነት መኪናው ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማበር ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ በአጣዬና በከሚሴ ሙቀት አልፎ ሐርቡንና ኮምቦልቻን ካለፈ በኋላ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወጥቶ እንደገና ብርድ ውስጥ ይገባል። በሸራው ሥር ያለው ቸኮሌት ቆላው ላይ ይለሰልሳል፣ ደሴ ላይ መልሶ ይረጋል። በዚህ ጊዜ የካካዎ ቅቤው ከውስጥ ወጥቶ ላዩ ላይ በሌላ አኳኋን ይረጋል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። ሻጋታ አይደለም፤ በሽታም አያመጣም። ለስጦታ የሚሰጥ ሰው ይቅርበት፤ ጋናሽ ለሚሠራ ግን ምንም አይደለም፤ ምክንያቱም መልሰን እናቀልጠዋለን። ባለሱቆች እንዲህ ያለውን ወደ ጥግ ገፍተው ዋጋ ይቀንሱለታል። እኔ ነጩን በጣቴ አሸት አደርገዋለሁ፤ በጣት ሙቀት ቀልጦ ከጠፋ ቅባት ነው፤ ገዝቼው እሄዳለሁ። ሳይጠፋ እንደ ደቃቅ አሸዋ ከሻከረኝ እርጥበት ነክቶት ስኳሩ ወጥቷል ማለት ነው፤ እሱም ለጋናሽ ሊሟሟ ይችላል፤ ነገር ግን እርጥበት የነካ ዕቃ ሌላም ጉዳት ሊኖረው ስለሚችል እተወዋለሁ። የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ወይም የሻገተ ሽታ ያለው ከሆነ በነጻም ቢሰጥ አይወሰድ።

ዋጋ ሲወዳደር በፍሬ ሳይሆን በ100 ግራም ይሁን። 80 ግራሟ ትንሿ በ150 ብር፣ 400 ግራሙ ትልቁ በ600 ብር ቢሸጥ ብለን እናስብ። ትንሿ ርካሽ ትመስላለች። ሲሰላ ግን የትንሿ 100 ግራም 187 ብር ከ50 ሳንቲም፣ የትልቁ 150 ብር ይመጣል። አንድ መካከለኛ ኬክ ውስጡንና ላዩን ለመቀባት 300 ግራም ቸኮሌት ይፈልጋልና ልዩነቱ ከመቶ ብር ያልፋል። ጎረቤታሞች ተዋጥተው ትልቁን ቢገዙና ቢካፈሉ ያዋጣቸዋል፤ እኛ ሰፈር በበዓል ሰሞን እንደዚህ ነው የምናደርገው።

ለኮምፓውንድም ተገቢውን ልስጠው። ኬክ ላይ ለሚሰካ ጌጥ፣ ለሚጻፍበት ሰሌዳ፣ በኮምቦልቻ ወይም በባቲ ሙቀት ሰዓታት ለሚቆም የሠርግ ኬክ ጠቃሚ ነው፤ እንደ ቸኮሌቱ ሙቀቱን እየለኩ ማርጋትም አይፈልግም። እሱን ከእውነተኛው ቸኮሌት ጋር ግማሽ በግማሽ አደባልቆ ማብዛት ግን አይገባም። የፓልም ፍሬ ዘይትና የካካዎ ቅቤ አብረው በደንብ አይረጉም፤ ድብልቁ ከሁለቱም የባሰ ለስላሳ ይሆናል፣ ሲቆይም ይነጣል። ገንዘብ ካነሰ ይልቅ ከእውነተኛው ቸኮሌት መጠኑን ቀንሶ አንድ ሁለት ማንኪያ የካካዎ ዱቄትና ትንሽ ለጋ ቅቤ መጨመር ይሻላል። ጣፋጭነቱ የበዛ ቸኮሌት ያላት ሴት ከክሬሙ ትንሽ ቀንሳ በምትኩ ከጀበናው የወረደ ወፍራም የአቦል ቡና ብትጨምር፣ አተላው እንዳይገባ አጥልላ፣ ጣዕሙ ይከበራል። ይህ ከውጭ የሚመጣ ነገር አያስፈልገውም። ጥቂት ማርም ጋናሹን ያለሰልሳል፣ ያብረቀርቃልም።

ክሬሙም የቸኮሌቱን ያህል ያስቸግረናል። ቅባቱ 35 በመቶ የሆነ የወተት ክሬም እዚህ ሁልጊዜ አይገኝም፤ በዱቄት መልክ የሚመጣው የሚመታ ክሬም ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ የአትክልት ቅባት ስለሆነ ጥሩ ቸኮሌት ገዝተን በእሱ ብናቀጥነው ዞረን ኮምፓውንድ ሠራን ማለት ነው። እኔ የምሠራበት ይኸውላችሁ፤ 180 ሚሊ ሊትር የፈላ ወተትና 75 ግራም ለጋ ቅቤ። ቅቤው ያልተነጠረ፣ ቅመም ያልነካው ይሁን፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ታጥቦ አሬራው ይውጣለት፤ አለዚያ ጋናሹ ይኮመጥጣል። ወተቱና ቅቤው አብረው ይሞቃሉ፣ ዳር ዳሩን መንፈቅፈቅ ሲጀምሩ 215 ግራም ያህል የተከተፈ ቸኮሌት ላይ ይፈስሳሉ። ሁለት ደቂቃ ሳይነካ ይቆይ። ከዚያ ከመሃል ጀምሮ በትንንሽ ክብ ይማሰል። መጀመሪያ የተበላሸ ይመስላል፤ ቡናማው ከነጩ ጋር ይጓተታል። ማማሰሉን ሳያቋርጡ ቢቀጥሉ መሃሉ ላይ የሚያብለጨልጭ ወፍራም ክብ ይወጣና እየሰፋ ሄዶ ሁሉንም ይውጠዋል። ቅባቱ ከተለየም መድኃኒቱ አንድ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት ነው፤ ጨምሮ ከመሃል እንደገና ማማሰል። ይህ ተመትቶ የሚነሳ ክሬም አይወጣውም፤ ለመቀባትና ለማፍሰስ ግን አያሳፍርም።

መጠኑ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አንድ አይደለም፤ የምግብ ጽሑፎቻችሁ ይህን ሲያነሱ አይቼ አላውቅም። እኩል በእኩል የሚባለው መጠን ደሴ ላይ ሌሊቱን አድሮ ለቢላ ያስቸግራል። እኔ ለ100 ግራም ቸኮሌት 120 ግራም ያህል ክሬም አደርጋለሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደዚያ ለሚሄድ ኬክ ክሬሙን ወደ 80 ግራም አወርደዋለሁ። ለባቲና ለከሚሴ ደግሞ ለሁለት እጅ ቸኮሌት አንድ እጅ ክሬም ካልሆነ ወራጅ ነው። በጋናሽ ላይ ለሚወጣው ወጪ ይህ ትልቅ ለውጥ አለው፤ ደሴ የሚኖር ሰው በአነስተኛ ቸኮሌት ብዙ ጋናሽ ያገኛል።

ስለ ጾም ጋናሽም ጽሑፉ ዝም ብሏል። በጾም ወራት የልደት ኬክ የሚያዝዘኝ ብዙ ነው። ጥሩ ጥቁር ቸኮሌት በውሃ ብቻ ጋናሽ ይሆናል። ለቀለጠ ቸኮሌት ጥቂት የውሃ ጠብታ ጠላቱ ነው፤ ስኳሩና ካካዎው ተያይዘው ይቋጠራሉ። ውሃው በቂ ሲሆን ግን ስኳሩ ይሟሟና ነገሩ ተመልሶ ይለሰልሳል። ለ200 ግራም ቸኮሌት 100 ግራም የፈላ ውሃ ይበቃል። እዚህ ላይ ርካሽ ኮምፓውንድ ሙሉ በሙሉ ይጋለጣል፤ ወተትና ቅቤ የሚሸፍንለት የለም። ብዙ ኮምፓውንድ ውስጥም የወተት ዱቄት አለ፤ ጾመኛ ሳያውቅ ይበላል። ለዚህም ጀርባውን ማንበብ ግድ ነው።

ጀርባ ያለው ከሆነ ማለት ነው። ወደ እውነተኛው ቅሬታዬ ደርሻለሁ። በከተማችን አንዳንድ መደብሮች ከትልቅ ካርቶን የተፈለጠ ቸኮሌት በላስቲክ ተቋጥሮ በኪሎ ይሸጣል። ላስቲኩ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ሻጩ የቤልጅየም ነው ይላል። በአንዱ መደብር ካርቶኑን አሳዩኝ ብዬ ስጠይቅ ተጥሏል ተባልኩ፤ ቁራጩን መዳፌ ላይ አድርጌ ብቆይ አልለሰለሰም። ዋጋው ግን የእውነተኛው ቸኮሌት ዋጋ ነበር። መደብሩን በስም መጥራት አልፈልግም፤ እንዲህ የሚሸጠው እሱ ብቻ አይደለምና። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። እኛ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በኪሎ የሚቸረችር ነጋዴ የካርቶኑን የጽሑፍ ገጽ በመቀስ ቆርጦ ሚዛኑ አጠገብ ይስቀለው። የገባበትን ነገርና የመጠቀሚያ ጊዜውን እናንብ። ኮምፓውንድ ከሆነ ኮምፓውንድ ብሎ በኮምፓውንድ ዋጋ ይሽጥልን፤ ለሥራ ስለምንፈልገው እንገዛዋለን። የሚመለከተው የከተማችን የንግድ መሥሪያ ቤት ለበዓል ሰሞን ዘይትና ስኳር ሲቆጣጠር ይህንንም ቢያይልን እንወዳለን።

ለእናንተም ሁለት ልመና አለኝ። የኬክ አሠራር ስታወጡ መጠኑን በግራም አውጡልን። አንድ ኩባያ የተከተፈ ቸኮሌት ሲባል እንደ አከታተፉ ይለያያል፤ ትንሽ ሚዛን ዛሬ ብዙ ቤት አለ፤ የሌለው ሰፈር ካለ ሱቅ ያስመዝናል። ሁለተኛው፣ የጾም ጋናሹን አሠራር ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት በዓምዳችሁ ብታትሙት፣ ቸኮሌቱን በጊዜ ለመፈለግ ይመቸናል። ጸሐፊዋ ከፈለጉ እኔ የምጠቀምበትን መጠን ጽፌ እልክላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በቤቷ ኬክ የምትጋግር አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ